ከዋግምት እስከ አኩፓንክቸር፦ ማስታገስ ማዳን አይደለም

በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ራስ ምታት በአብዛኛው የደም ጉዳይ ተደርጎ ይቆጠራል። ደም ሲበዛ፣ ሲረጋ ወይም ሲበላሽ ወደ ራስ ወጥቶ ይፈልጣል ይባላል፤ ስለዚህም መውጣት አለበት። ማውጫው ዋግምት ነው፦ ማጅራት ወይም ግንባር በምላጭ ይበጣል፣ ጫፉ የተበሳ ቀንድ ይደፋበታል፣ አየሩ በአፍ ይሳባል፣ ጠቆር ያለው ደም ቀንዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ድብርት ደግሞ ለመንፈስ ይሰጣል። ዓይነ ጥላ ነው፣ መተት ነው፣ የሰው ዓይን ነው ይባልና ታማሚው ወደ ደብተራ ወይም ወደ ጠበል ይላካል። የዚህ አስተሳሰብ የከተማ ዘመድ ቀንዱን በቀጭን መርፌ፣ ደሙን በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል በሚባል ኃይል ተክቶ፣ አኩፓንክቸር ራስ ምታትንም ድብርትንም ያድናል ይላል።

የሁለቱም ወገን ዋና ማስረጃ አንድ ነው፤ ብዙ ሰው አድርጎት ተሽሎታል። ይህ ማስረጃ የሚመስለውን ያህል አይከብድም። ሰዎቹ መሻላቸው እውነት ነው፤ ያሻላቸው የደሙ መውጣት ወይም በመርፌ መወጋት ስለመሆኑ ግን መሻላቸው ብቻውን ምንም አይናገርም። የባሰው ጉዳት ያለው ደግሞ በክፍፍሉ ላይ ነው። ራስ ምታትን ለደም፣ ድብርትን ለመንፈስ መስጠት ብዙ ጊዜ አንድ የሆነውን ሕመም ለሁለት ቆርጦ ሁለቱንም ሳይታከሙ ያስቀራል።

የመጀመሪያው ስሕተት የራስ ምታትን ጠባይ መርሳት ነው። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ተሳትፎ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ ኢትዮጵያውያን ጎልማሶች 18 ያህሉ ማይግሬን፣ 21 ያህሉ ደግሞ ከውጥረት ጋር የሚያያዘው ራስ ምታት ይይዛቸዋል። ሁለቱም ሄደው የሚመለሱ ሕመሞች ናቸው። ራስ ፍልጠት የሚባለው፣ ግማሽ ራስን የሚወቅረው፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላው፣ የሚያቅለሸልሸው ማይግሬን ሳይታከም ከ4 እስከ 72 ሰዓት ቆይቶ በራሱ ይለቃል። ሰው ወደ ዋግምት የሚሄደው ደግሞ ሕመሙ እንደ ጀመረው ሳይሆን ሲብስበት፣ ቤት ያለው ዳማከሴና ጤና አዳም፣ ራስን በሻሽ ጠፍሮ ማሰርም ሳይበቃው ሲቀር ነው። ያ ሰዓት ሕመሙ ጫፍ ደርሶ ሊወርድ የተቃረበበት ሰዓት ነው። በዚያ ቀን ምንም ቢደረግ ብዙ ጊዜ በማግስቱ መሻል አለ፤ ምስጋናው ግን ለመጨረሻው ሙከራ ይሄዳል። ከወር በኋላ ሕመሙ ሲመለስ ዋግምቱ አልሠራም አይባልም፤ ደሙ እንደገና በዛ ይባላል። ቢሻልም ባይሻልም ትክክል ሆኖ የሚወጣ ማብራሪያ ሊፈተን የማይችል ማብራሪያ ነው።

የዚህ የተሳሳተ ምስጋና ሌላው ምሳሌ ከእያንዳንዱ ቤት የማይጠፋው ቡና ነው። በየቀኑ ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ያመው ይጀምራል፤ ሕመሙ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ቡና ሲጠጣ ግን ብዙም ሳይቆይ ይለቀዋል። ዋግምት ከተደረገ በኋላ ቡና ተፈልቶ ቢጠጣ ራስ ምታቱን ያስለቀቀው ቀንዱ ይሁን ስኒው በምን ይለያል? ድብርትም ጊዜው ረዘመ እንጂ በዚህ ጠባይ ከራስ ምታት አይርቅም። አንድ ዙር የድብርት ሕመም ሳይታከም ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ይቆያል፤ ከዚያ ሊለቅ፣ ቆይቶም ሊያገረሽ ይችላል። በስምንተኛው ወር የተደረገ ማንኛውም ነገር መድኃኒት መስሎ መታየቱ አያስደንቅም።

ጥያቄውን በወሬ ሳይሆን በፍተሻ ለመመለስ የተሞከረው በአኩፓንክቸር ላይ ነው። ዋግምትን የሚመለከቱ ጥናቶች ጥቂትና ደካማ ሲሆኑ፣ የመርፌው ግን ብዙና አንዳንዶቹም ጠንካራ ናቸው። ዘዴው ቀላል ነው። ታማሚዎች በዕጣ ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን የቻይና ሕክምና በሚያዘው ነጥብ ላይ ይወጋል፣ ሌላው ነጥብ ባልሆነ ቦታ በስሱ ይወጋል፣ ሦስተኛው ተራ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 በጀርመን በ302 የማይግሬን ታማሚዎች ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት ሙሉውን ነገር ይናገራል። የሕመም ቀናቸው ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸው በትክክለኛው ነጥብ ከተወጉት ከመቶ 51፣ በተሳሳተው ቦታ ከተወጉት ከመቶ 53፣ ተራ ከጠበቁት ከመቶ 15 ነበሩ። መርፌው የትም ቢገባ ውጤቱ አልተለወጠም። በቀጣዩ ዓመት በዚያው አገር በ960 ታማሚዎች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በትክክለኛው ነጥብ 47፣ በማስመሰያው 39፣ በተለመደው መድኃኒት 40 ከመቶ ተሽሏቸዋል፤ በወገኖቹ መካከል የታየው ልዩነት አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም።

ለአኩፓንክቸር የሚከራከሩ ሰዎች ከዚህ በኋላ የመጣውን ድምር መጥቀሳቸው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች መገምገሚያ ድርጅት ገምጋሚዎች 22 ጥናቶችንና 4,985 ታማሚዎችን ደምረው ባዩት መሠረት የሕመም ቀናቸው በግማሽ የቀነሰላቸው በትክክለኛው መርፌ ከመቶ 50፣ በማስመሰያው ከመቶ 41 ሆነዋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም አለ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስም እ.ኤ.አ. በ2012 ራስ ምታትን ለመከላከል ከ5 እስከ 8 ሳምንት እስከ 10 ጊዜ የሚደረግ አኩፓንክቸር ሊታሰብ እንደሚችል ጽፏል። እንግዲህ መርፌው ለራስ ምታት ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ሊባል የሚቻለው ይህ ነው፦ ከተሻላቸው ታማሚዎች አብዛኞቹን ያሻላቸው ነጥቡ አልነበረም። የኃይል መተላለፊያ መሥመር አለ የሚለው ማብራሪያ እንኳ ቢጣል፣ ከውጤቱ የሚጎድለው ጥቂት ነው።

ለድብርት ያለው ማስረጃ ከዚህም የሳሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 64 ጥናቶችንና 7,104 ሰዎችን አካትቷል፤ ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ የጥናቶቹ ጥራት ግን ዝቅተኛ በመሆኑ ገምጋሚዎቹ እርግጠኛ መደምደሚያ ላይ አልደረሱም። ማስታወቂያዎች ከዚህ ይልቅ የሚጠቅሱት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣውን፣ ድብርትንና ራስ ምታትን ውጤታማነቱ ከተረጋገጠላቸው ሕመሞች ተርታ ያሰለፈውን ዝርዝር ነው። ያ ዝርዝር የተመሠረተው ከላይ ከተጠቀሱት ትልልቅ ጥናቶች በፊት በነበሩ፣ ብዙዎቹም ትንንሽ በሆኑ ሙከራዎች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ግምገማ ደግሞ በቻይና፣ በጃፓን፣ በሆንግ ኮንግና በታይዋን የተደረጉት የአኩፓንክቸር ጥናቶች በሙሉ መርፌውን የሚደግፉ ሆነው እንዳገኛቸው ገልጿል። ሁልጊዜ «ይሠራል» የሚል መልስ ብቻ የሚወጣበት ምርመራ መርማሪውን እንጂ መድኃኒቱን አያስመሰግንም።

የተሳሳተ ቦታ የሚወጋ መርፌ ለምን ያሽላል? መልሱ ለገጠር ጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ብዙ ታማሚ ክኒን ተሰጥቶት ሲመለስ ቅር ይለዋል፤ መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። ይህ እምነት ራሱ ጉልበት አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የማይግሬን ጥናቶች ድምር እንዳሳየው መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ከመቶ 22 ሰዎችን ሲያሻል፣ የማስመሰያ መርፌ 38፣ የማስመሰያ ቀዶ ሕክምና 58 ከመቶ አሽሏል። ሥርዓቱ በገዘፈ፣ ቆዳ በተነካ፣ ባለሙያው ጊዜ በሰጠ ቁጥር ተስፋው ይጠነክራል፤ ሕመሙም በዚያው ልክ ይቀላል። ዋግምት ይህን ሁሉ አሟልቶ ይዟል። ሕመም አለ፣ ደም ይታያል፣ አዋቂ የተባለ ሰው እጁን ያሳርፋል፣ ቤተ ሰብ ዙሪያውን ይቀመጣል። ከቀንዱ ውስጥ የሚታየው የጠቆረ ደም ግን የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ከቆዳ ሥር የሚወጣ፣ ኦክስጅኑን የሰጠና በቀንዱ ውስጥ የረጋ ተራ ደም ነው። ከጤነኛ ሰው ጀርባም ተመሳሳይ ደም ይወጣል።

የዘመን ብዛትም ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ አባቶች የኖሩበት፣ ቻይናም ለሺህ ዓመታት የተጠቀመችበት ነገር ከንቱ ሊሆን አይችልም ይባላል። የቻይና ታሪክ ራሱ ይህን አይደግፍም። በ1822 እ.ኤ.አ. የቻይናው ንጉሠ ነገሥት አኩፓንክቸር ከቤተ መንግሥቱ የሕክምና ትምህርት ቤት እንዲወጣ አዝዟል። ጥንታዊው አሠራር ከደም ማፍሰስ የማይርቅ፣ ወፋፍራም መርፌዎችን የሚጠቀም ነበር፤ ዛሬ የሚታወቀውን ቀጭን መርፌና ከደም ሥር የራቁ ነጥቦችን ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቼንግ ዳንአን የተባለ ሐኪም ነው። በማኦ ዘመን መንግሥት ሐኪም ለማይደርስበት ገጠር ብሎ ደገፈው። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጄምስ ሬስተን ቤጂንግ ላይ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ በኋላ ሕመሙ በመርፌ እንደታገሠለት ሲጽፍ ደግሞ በምዕራቡ ዓለም ስሙ ገነነ። ወደ ኢትዮጵያ የቻይና የሕክምና ቡድኖች መምጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፣ ዛሬ በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይሠራሉ። በዕድሜ ብቻ ከተሄደ ደም ማፍሰስ በአውሮፓም ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ የተተወው ሰዎች መቁጠርና ማወዳደር ሲጀምሩ ነው።

ዋግምት ባይጠቅም አይጎዳም የሚለው መከራከሪያም አያስኬድም። በኢትዮጵያ ከመቶ ሰዎች 7 ያህሉ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደማቸው ይገኛል፤ ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሳይሞት ይቆያል። ምላጩ አዲስ ቢሆን እንኳ ቀንዱ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል፤ የሚስበውም አፍ ነው። ኤችአይቪና ቴታነስም በዚሁ በር ይገባሉ። ከወሊድ በኋላ ወይም በምግብ እጥረት ደሟ ያነሰባት ሴት ራሷን የሚያዞራትና የሚያማት በደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ካለች ሴት ደም ማውጣት ሕመሙን ማባባስ ነው። በዚህ በኩል ንጹሕ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚጣል መርፌ ከቀንዱ በእጅጉ ይሻላል።

ከቀንዱ የበለጠ የሚጎዳው የሚያባክነው ጊዜ ነው። ራስ ምታት ብዙ በሽታዎች የሚናገሩበት አፍ ነው። ትኩሳትና የአንገት መገተር ከታከለበት ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ የመጣ፣ ዓይን የሚያደበዝዝ፣ ከፊትና ከእጅ እብጠት ጋር የሚታይ ራስ ምታት የደም ግፊት ምልክት ነው፤ ግፊቱ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እናትና ልጅ አደጋ ላይ ናቸው። በዓባይና በበሽሎ ሸለቆ ቁልቁል በሚወርዱት የስማዳና የታች ጋይንት ቆላዎች ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ወባን ያስጠረጥራል፤ በደጋው በቅማል የሚተላለፉት ታይፈስና ግርሻ ይታሰባሉ፤ በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ደግሞ በጢሱ ራስ ያማል፣ ይገድላልም። ለእነዚህ ሁሉ አንድ መልስ ያለው ሕክምና አንዳቸውንም አይለይም። ዋግምቱ ላይ ያለፈች አንዲት ቀን የማጅራት ገትር ታማሚን ሕይወት ልታስከፍል ትችላለች።

አሁን ራስ ምታትን ለደም፣ ድብርትን ለመንፈስ ወደሚሰጠው ክፍፍል እንመለስ። በኢትዮጵያ ገጠር ድብርት የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ «አዝኛለሁ» ብሎ አይጀምርም። ራሴን ያመኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ እህል አይወርድልኝም ይላል። ራስ ምታቱን ለብቻው የሚያይ ሁሉ፣ ቀንድ የያዘም ይሁን ፓራሲታሞል የያዘ፣ ከበስተጀርባው ያለውን ሐዘን ያልፈዋል። ሐዘኑን ብቻ ለመንፈስ የሚሰጥ ደግሞ የማይተኛውን፣ የማይበላውን አካል ይረሳል። ማይግሬን ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ ለድብርት መጋለጡም የታወቀ ነው።

ለድብርት የሚዳርገውም በአካባቢው አላነሰም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በድርቅና በምግብ እጥረት የተነሣ በሴፍቲኔት ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ናቸው። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የላይ ጋይንቷ ከተማ ነፋስ መውጫ በትግራይ ኃይሎች እጅ በቆየችባቸው ቀናት በታጣቂዎቹ ተደፍረናል ያሉ 16 ሴቶችን አምነስቲ ኢንተርናሽናል አነጋግሯል፤ ከእነዚህ 15ቱ ከጥቃቱ በኋላ የአካልና የአእምሮ ጤና ችግር እንደገጠማቸው፣ የጀርባ ሕመም፣ ጭንቀትና ድብርት ጭምር እንዳለባቸው ተናግረዋል። የከተማዋ የጤና ተቋማትም በዚያው ጊዜ ተዘርፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት በዚህ ላይ ተጨምሯል። እንዲህ ያለ መከራ ያለፈባት ሴት ራሴን ያመኛል ስትል ደሟ ተበላሽቷል ብሎ ማጅራቷን መብጣት፣ ወይም ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ማሳለፍ፣ የደረሰባትን ሳይሰሙ መሸኘት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው አባባል ታማሚውን ይመክራል፤ ታማሚው የማይደብቀው ግን የሚጠይቀው ሲያገኝ ነው።

የሚሠራው ሕክምና ሩቅ አይደለም፣ ውድም አይደለም። አሚትሪፕቲሊን የተባለው አሮጌና ርካሽ ክኒን በኢትዮጵያ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። በአነስተኛ መጠን ማታ ማታ ሲወሰድ ተደጋጋሚ ማይግሬንንና የውጥረት ራስ ምታትን ይከላከላል፤ መጠኑ ከፍ ሲል ድብርትን ያክማል። ክፍፍሉ የለያያቸውን ሁለት ሕመሞች አንድ ክኒን ያገናኛቸዋል ማለት ነው። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያበዛል፤ ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን ስለሚጎዳ ከሕፃናትና ራሱን ሊያጠፋ ከሚያስብ ሰው መራቅ አለበት፤ ስለዚህ በባለሙያ ክትትል ይሰጣል። ፍሉኦክሰቲን ለድብርት፣ ፕሮፕራኖሎል ለማይግሬን አሉ። በተቃራኒው ፓራሲታሞልን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መዋጥ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል፤ ይህን ሳይነግሩ ክኒን ማደልም ከዋግምት የተሻለ ሕክምና አይባልም።

ለዚህ ሥራ የአእምሮ ሐኪም በየወረዳው መኖር ግድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው መርሐ ግብር ነርሶችና ጤና መኮንኖች ድብርትን ለይተው እንዲያክሙ የሚያሠለጥን ነው፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ዋግምት የሚሰጠው ትልቁ ነገር፣ የሚያዳምጥ ሰው፣ ያለ ምላጭም ይገኛል። በዚምባብዌ በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ፣ የሕክምና ትምህርት የሌላቸው ሴቶች አጭር ሥልጠና ወስደው፣ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቁ ሰዎችን ችግር ያዳምጡና መፍትሔ አብረው ይፈልጉ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው በ573 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከ6 ወር በኋላም የድብርት ምልክት ያልለቀቃቸው በዚህ መንገድ ከታገዙት ከመቶ 14፣ በተለመደው አገልግሎት ከቆዩት ከመቶ 50 መሆናቸውን አሳይቷል። ምክር የሚሰጡ እናቶች በእስቴም በስማዳም አሉ፤ የጎደለው ሥልጠናውና የጤና ጣቢያው አደረጃጀት ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ይህ ነው፦ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ መድኃኒት አልቋል ይባላል፣ ባለሙያው ያመናጭቃል፤ ዋግምት የሚያደርገው ሰው ግን ጎረቤት ነው። ክሱ በብዙ ቦታ እውነት ነው። እውነትነቱ ግን የጤና ጣቢያውን ጉድለት እንጂ የቀንዱን ብቃት አያስረዳም። አኩፓንክቸርን ደግሞ ጨርሶ አይጠቅመውም። ውጤት ያሳየው መርፌ ለሳምንታት እስከ 10 ጊዜ የሚደጋገም ነው። ከስማዳዋ ወገዳ ወይም ከታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ተነሥቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ አሥር ጊዜ መመላለስ የሚችል ገበሬ የለም። ትንሽ ጥቅም ባለው ነገር ላይ ያን ያህል ወጪ ማውጣት ለአዲስ አበባ ነዋሪ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ለጋይንት የጤና ዕቅድ አይሆንም።

ይህ ክርክር ጠበልን አይነካም። እምነት የሚሰጠው መጽናናት በሙከራ የሚለካ አይደለም፤ ጉዳት የሚመጣው መድኃኒት አቋርጡ ሲባል ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ታማሚዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው መንገዱን አሳይቷል። ጋይንት የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተልሔም የምትገኝበት፣ ካህን የሚደመጥበት ምድር ነው፤ ተመሳሳይ ቃል ለድብርት መድኃኒትም ቢነገር ከማንኛውም ፖስተር ይልቅ ሰሚ ያገኛል።

ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ እርግዝና፣ የአካል መዛል ወይም ድንገተኛ ከባድ ሕመም ያለበት ራስ ምታት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የሚመላለሰው ራስ ምታት የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የቡናና የክኒን ልማድ ይታይለታል። ከሁለት ሳምንት በላይ ራሱን ያመመው፣ እንቅልፍና ምግብ የራቀው ሰው ሁሉ ስለ ሐዘኑና ስለ ተስፋው፣ ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነም በቀጥታ ይጠየቃል። መልሱ ድብርትን ካሳየ ሕክምናው እዚያው ይጀመራል፤ ለውጡ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደሚመጣ፣ ከተሻለውም በኋላ መድኃኒቱ ለወራት እንደሚቀጥል ይነገረዋል። ከዚህ በኋላ መርፌ የሚፈልግና አቅሙ ያለው ሰው በንጹሕ መርፌ ቢወጋ የሚከለክለው ምክንያት የለም። ምላጭና ቀንድ ግን በዚህ ተራ ውስጥ ቦታ የላቸውም።